ቀኑን ሙሉ አማርኛ ለሚያርም ሰው የትኛው ሞኒተር ይሻላል? 27፣ 32 ወይስ 43 ኢንች ቲቪ?

አራሚዋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የመጽሐፍ እርማትና ገጽ ቅንብር ነው። ማተሚያ ቤት 22 ዓመት ሠርቼ ወጣሁና ላለፉት አምስት ዓመታት ቤቴ ሆኜ ነው የምሠራው፤ ግንፍሌ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ዕድሜዬ 54 ነው፣ መነጽር አደርጋለሁ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

አሁን ያለኝ 22 ኢንች ፉል ኤችዲ ሞኒተር ነው። ለደብዳቤም ለኢንተርኔትም ምንም አይልም። ለእርማት ግን እየከዳኝ ነው። ባለፈው ወር የአንድ አዛውንትን የሕይወት ታሪክ ሳርም፣ እናት ሴት ልጇን «ስሚ ልጄ» የምትልበት ቦታ አለ። ጽሑፉ ሲመታ «ስሜ ልጄ» ሆኗል። ሦስት ጊዜ አንብቤ ሦስቴም አለፍኩት። የያዝኩት በወረቀት ታትሞ ሲመጣ ነው። «ስሜ»ም ትክክለኛ ቃል ስለሆነ ምንም ዓይነት ማረሚያ ፕሮግራም አይይዘውም፤ መያዝ ያለበት የእኔ ዓይን ነው። ሣልሱና ኃምሱ የሚለዩት እግራቸው ላይ ባለችው ነገር ብቻ ነው፤ በአንዱ አጭር ሰረዝ፣ በሌላው ቀለበት። በእኔ ስክሪን ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ።

አጉልተሽ አንብቢ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አጉልቼማ አነባለሁ። ግን አራሚ የሚያየው ፊደል ብቻ አይደለም። የግራና የቀኝ ገጹ እኩል መጨረሱን፣ የአንቀጽ የመጨረሻ መስመር ብቻዋን ወደ ሚቀጥለው ገጽ አለመሻገሯን፣ አራት ነጥብ ከቃሉ ተነጥሎ መስመር መጀመሪያ ላይ አለመውደቁን ማየት አለብኝ። ሳጎላ ገጹ ይጠፋኛል፣ ገጹን ሳይ ፊደሉ ይጠፋኛል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማየት ነው የምፈልገው።

ስጠይቅ የሰማሁት ሦስት ምርጫ ነው። አንደኛው 27 ኢንች 4ኬ (ከፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ፒክስል፣ ማለትም የስክሪን ነጥብ ያለው)፣ ሁለተኛው 32 ኢንች 4ኬ ነው። ሦስተኛው 43 ኢንች 4ኬ ቲቪ ሲሆን፣ የእህቴ ልጅ «በዚሁ ብር ትልቁን ግዢ» እያለ የሚገፋፋኝ ወደዚህ ነው።

ሁኔታዬን ልንገራችሁ። ጠረጴዛዬ ወደ ውስጥ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ከግድግዳ ጋር ተጠግቷል። በግራዬ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ስላለ እስከ ጠዋቱ አራት ሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ይገባል። ላፕቶፔ 8ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ነው፤ አንድ ኤችዲኤምአይና አንድ ታይፕ ሲ አለው። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጠፋል። በጀቴ 70 ሺህ ብር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብሩ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የድሮ ዋጋ ማሰብ ትቻለሁ፤ ይህንንም ያጠራቀምኩት ከሁለት መጽሐፍ ክፍያ ነው። አንዴ ከገዛሁ ልመልሰው አልችልምና የምታውቁትን ንገሩኝ።

---

ስታዲየም_ጥገና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እንደምን አመሹ እህታችን። እኔ ሞኒተርና ቲቪ እጠግናለሁ። ስለ መጠኑ ሌሎች ይነግሩዎታል፤ እኔ ማንም ሻጭ ከማይነግርዎት ነገር ልጀምር።

የላፕቶፕዎ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ 4ኬን በሴኮንድ 60 ጊዜ ላያወጣ ይችላል። የ8ኛ ትውልድ ኢንቴል ላፕቶፖች አብዛኞቹ ኤችዲኤምአይ 1.4 ናቸው፤ በእሱ 4ኬ የሚሄደው በ30 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 30 ጊዜ ነው። ምስሉ ይመጣል፣ ጥራቱም ያው ነው፤ ግን ማውሱን ሲያንቀሳቅሱ ቀስቱ እየዘለለ ይሄዳል፣ ገጽ ወደ ታች ሲስቡ ጽሑፉ ይንቀጠቀጣል። ቀኑን ሙሉ ለሚያነብ ሰው ራስ ምታት ነው። ሰዎች ይህን አይተው «ሞኒተሩ ተበላሽቷል» ብለው ወደ እኔ ያመጣሉ። ሞኒተሩ ግን ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከቀዳዳው ነው።

መፍትሔው ታይፕ ሲው ነው። ከታይፕ ሲ ወደ ሞኒተሩ ዲስፕሌይ ፖርት ቀዳዳ የሚሄድ አንድ ወጥ ገመድ ይግዙ። ያቺ ብዙ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ማከፋፈያ ትቅርብዎት፤ ካርቶኗ ላይ በትልቁ «4ኬ» ተብሎ ጎኑ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «30 ኸርዝ» የተባለባት ብዙ ናት፣ ከችግሩ አታወጣዎትም። ታይፕ ሲ ሁሉ ምስል አያወጣም፤ ቻርጅና ፋይል ብቻ የሚያሳልፍም አለ። ስለዚህ ሳይገዙ ላፕቶፑን ይዘው ሱቅ ይሂዱና ይሰኩት። ከዚያ ሴቲንግ ገብተው አድቫንስድ ዲስፕሌይ የሚለው ላይ 3840 በ2160 እና 60 ኸርዝ የሚሉትን ሁለቱንም በዓይንዎ ይዩ።

ሌላ ልጨምር፦ «4ኬ ሳፖርት» ማለትና 4ኬ ማለት የተለያየ ነው። የመጀመሪያው 4ኬ ምስል ተቀብሎ በፉል ኤችዲ የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። ከጀርባው ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ስልክዎ ላይ ጽፈው የአምራቹን ገጽ ይዩ። የሻጩን ቃል አይመኑ፤ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ብዙ ጊዜ እሱም አያውቀውም።

ከዱባይ የመጣ ዩዝድ ካጓጓዎት ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ከዚያ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስል በየተራ ሙሉ ስክሪን ያድርጉ። ነጩ ላይ የማይበራ ነጥብ፣ ጥቁሩ ላይ የማይጠፋ ነጥብ ከታየ ይተዉት። በርስዎ ሥራ አንዲት የሞተች ፒክስል ነጥብ መስላ ታሳስታለች።

---

ባለ_43 | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡40

እህቴ፣ እኔም 56 ነኝና አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ቢሮዬ ውስጥ 43 ኢንች 4ኬ ቲቪ በሞኒተርነት ከተጠቀምኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እወደዋለሁ። አንቺ ግን እንዳትገዢው። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይሽ።

ያንቺ 22 ኢንች ሲለካ 21 ተኩል ነው የሚሆነው፤ በዚያ ስም የሚሸጡት ብዙዎቹ እንዲያ ናቸው። ስፋቱ 1920 ፒክስል፣ ቁመቱ 1080። 4ኬ ማለት የዚህ እጥፍ በእጥፍ ነው፣ 3840 በ2160። አሁን የ43 ኢንቹን ግማሽ አስቢ፦ 21 ተኩል። ገባሽ? 43 ኢንች 4ኬ ማለት አሁን ያለሽን ሞኒተር አራቱን ገጣጥመሽ ማየት ነው። በአንድ ኢንች ውስጥ ያንቺ 102 ፒክስል ያህል አለው፣ የኔም 102 ነው። ስፋት ታገኛለሽ፤ ጥራት ግን ነጥብ አትጨምሪም። «ስሚ» እና «ስሜ» የተምታቱብሽን ያህል ይምታቱብሻል፤ ልዩነቱ ገጹ ብዙ መሆኑ ነው። ለእኔ የሒሳብ ሠንጠረዥ ነው፣ አምድ ሲበዛልኝ ደስ ይለኛል፤ ፊደል ቆጥሬ አላውቅም።

ሌሎቹን በዚሁ ስሌት ብታይ፦ 32 ኢንች 4ኬ በኢንች 138 ገደማ፣ 27 ኢንች 4ኬ ደግሞ 163 ገደማ ይሆናል። በመጽሐፍ ፊደል ላስላልሽ፤ መጠኑ 9 ተኩል ነጥብ (ፖይንት) ነው እንበል። ይህ ፊደል ባንቺ ስክሪን ላይ በትክክለኛ መጠኑ ሲታይ ለሙሉ ቁመቱ የሚደርሰው 13 ፒክስል ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ለእግሩ ቀለበት ሁለት ወይ ሦስት ቢደርሰው ነው፤ በሁለት ፒክስል ቀለበት መሥራት አይቻልም። በ27ቱ ላይ ያው ፊደል ከ21 በላይ ያገኛል።

ቲቪ ሌላም ጣጣ አለው። ብዙዎቹ ለፊልም እንዲመቹ ብለው የቀለሙን መረጃ ያሳጥሩታል። ጥቁር በነጭ ላይ ብዙም አይታወቅም፤ ቀይ ጽሑፍ ግን ጠርዙ ይደበዝዛል። አንቺ እርማትሽን በቀይ የምታደርጊ ከሆነ የመጀመሪያው ተጎጂ እሱ ነው። የኔው የተስተካከለው የገባበትን ቀዳዳ ስም ከቲቪው ሴቲንግ ላይ «ፒሲ» ብዬ ስቀይረው ነው፤ ሁሉም ቲቪ ይህ የለውም። ደግሞ ወርዱ 95 ሴንቲ ሜትር ነው። በ60 ሴንቲ ጠረጴዛ ላይ ከጫፍ ጫፍ ለማየት አንገትሽን ስታዞሪ ትውያለሽ።

---

አራሚዋ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

ወንድሜ፣ ይህን የአራቱን ነገር ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ ሞኒተሬን በሜትር ለካሁት። ከማዕዘን ማዕዘን ሃምሳ አራት ሴንቲ ተኩል። 21 ተኩል ኢንች ነው፣ እንዳልከው። የእህቴን ልጅ ጠርቼ አሳየሁት፤ እሱም አሁን ቲቪውን ትቶታል።

ስታዲየም_ጥገና፣ እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ። የኤችዲኤምአዩን ነገር ባትነግረኝ ኖሮ ገዝቼ መጥቼ እኔም ተበላሽቷል ብዬ ነበር የማለቅሰው።

እንግዲህ 27 እና 32 ቀሩ። ዛሬ ጠዋት አንድ ነገር ሞከርኩ። 27 ኢንቹ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 33 ተኩል ሴንቲ ገደማ፣ 32ቱ ደግሞ 71 በ40 መሆኑን አየሁ። በጋዜጣ ወረቀት ቆርጬ ሁለቱንም ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ የኤ4 ፕሩፍ (ለእርማት የታተመ ወረቀት) ሁለት ገጽ ጎን ለጎን በላያቸው ሰካሁ። ሁለት ኤ4 ጎን ለጎን ወርዱ 42፣ ቁመቱ 29.7 ነው። በ27ቱ ላይ ልክ ገባ፤ ከላይ ከታች ለሜኑ የሚሆን ሁለት ሁለት ሴንቲ ቀረ፣ በጎን ደግሞ ለመሣሪያዎቹ ሰፊ ቦታ ተረፈ። በ32ቱ ላይ ተንጣልሎ ገባ። የመጽሐፍ ገጽ ከኤ4 ስለሚያንስ ሁለቱም ይበቃሉ ማለት ነው። ልቤ ግን ትንሽ ወደ 32ቱ አደላ፤ ዓይኔ እየደከመ ሲሄድ ትልቅ ይሻላል የሚል ሐሳብ አለብኝ። ተሳስቼ ይሆን?

---

መነጽር_ቤት | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡50

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ኮምፒውተር ብዙ አላውቅም፤ መነጽር ቤት ነው የምሠራው። እንደርስዎ ያሉ ደንበኞች በየሳምንቱ ይመጡብኛል፣ «ዓይኔ ሳይሆን አንገቴ ታመመ» እያሉ።

መነጽርዎ ከላይ ለሩቅ ከታች ለቅርብ የሆነው ዓይነት ነው? ከሆነ ስክሪን የሚያነቡት በታችኛው ክፍል ነው፤ ስለዚህ ስክሪኑ ከፍ ባለ ቁጥር አገጭዎን እያነሡ ነው የሚያነቡት። 32ቱ ቁመቱ 40 ሴንቲ ከሆነ፣ ከነእግሩ ጠረጴዛ ላይ ሲቆም የላይኛው ጫፉ ከዓይንዎ በላይ ሊሄድ ይችላል። የላይኛው ጫፍ ከዓይንዎ ትይዩ ወይም ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት።

ሁለተኛ፣ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ። አሁን ተቀምጠው ከዓይንዎ እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት በሜትር ይዩና ለመነጽር ባለሙያዎ ይንገሩ። ለንባብ የሚሰጠው መነጽር ብዙ ጊዜ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው የሚጠራው፤ ስክሪን ግን 60 እና 70 ላይ ነው። ለዚያ ርቀት ብቻ የሚሠራ መነጽር ማሠራት ይቻላል። ስንት ሺህ ብር ሞኒተር ላይ አውጥተው ለሌላ ርቀት በተሠራ መነጽር ቢያዩት የከፈሉበትን ጥራት አያገኙትም።

---

ቆጣቢ_አራትኪሎ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

እኔ የምለየው አለኝ። 27 ኢንች 1440 (2560 በ1440) በቂ ነው፣ ዋጋውም በጣም ይቀንሳል። በተረፈው ጥሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን) ይግዙ። እኔ ኮድ እጽፍበታለሁ፣ አንድም ቀን ደከመኝ ብዬ አላውቅም።

---

ስታዲየም_ጥገና | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

ወንድም ቆጣቢ፣ ለኮድ ልክ ነህ። ለእሳቸው ግን 27 በ1440 በኢንች 109 ነው፤ አሁን ካላቸው 102 ጋር ያለው ልዩነት በዓይን የሚለይ አይደለም። የላቲን ፊደል በ109 ያምራል፤ ስድስትና ሰባት መልክ ያለው ፊደል ሌላ ነው።

ስለ ዩፒኤሱ ግን እስማማለሁ። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ስላለው ዩፒኤሱ የሚሸከመው ሞኒተሩን ብቻ ነው። 27 ኢንች 4ኬ ሲሠራ ከ30 እስከ 40 ዋት ገደማ ነው የሚወስደው፤ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ባትሪው ጤነኛ ከሆነ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይይዘዋል። ሥራዎን አስቀምጠው ለመዝጋት ከበቂ በላይ ነው። ዕቃ ብዙውን ጊዜ የሚቃጠለው መብራቱ ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው፤ እኔ ጋ የሚመጣው የተቃጠለ ፓወር ቦርድ አብዛኛው ከዚያ ነው።

እህታችን፣ 27ቱን ይውሰዱ። ጠረጴዛዎ 60 ነው፤ የሞኒተሩ እግር ብቻ ከ20 ሴንቲ በላይ ይበላል። ከጀርባው በ100 ሚሊ ሜትር ርቀት አራት የብሎን ቀዳዳ ያለው ይምረጡ፤ ወደፊት ጠረጴዛ ላይ የሚነክስ ክንድ ገዝተው ወደ ግድግዳው ማስጠጋት ይችላሉ። የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ላይ በስተው ለመስቀል አይሞክሩ። ፊቱ የማያብረቀርቅ፣ ስክሪኑም አይፒኤስ የሚባለው (ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ብዙም የማይለወጠው) ዓይነት ይሁን፤ በግራ በኩል ፀሐይ ካለ የሚያብረቀርቀው መስታወት ይሆንብዎታል። ኦሌድ የሚባለውን የስክሪን ዓይነት ቢያሳዩዎት ያማረ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ሜኑና ነጭ ገጽ ውሎ አድሮ ጥላ ሊተውበት ይችላል።

---

አራሚዋ | እሑድ፣ ከቀኑ 10፡30

ወገኖቼ፣ ቃል ባልገባም ውጤቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት።

ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ጋር ወጣን። ፒያሳ የማውቃቸው ሱቆች ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ተበታትነዋል፤ ስለዚህ ከስታዲየም ጀምረን ወደ ደምበል በእግራችን እያየን ሄድን። ላፕቶፔን፣ የመጽሐፉን ፋይል በፍላሽ፣ የታተመውን ፕሩፍ ደግሞ በፖስታ ይዣለሁ። የመጀመሪያው ሱቅ «4ኬ ነው» ብሎ ያሳየን 27 ኢንች ነበር። ገጹን ከፍቼ በትክክለኛ መጠኑ አደረግኩትና ወረቀቱን ከስክሪኑ ጎን ያዝኩት። ቤቴ ያለውን ያህል ደብዛዛ ነው። የሞዴሉን ቁጥር ስልክ ላይ ብናይ 1440 ሆኖ ተገኘ። ልጁ ደነገጠ፤ እውነትም አላወቀም ነበር።

ሦስተኛው ሱቅ ላይ 27ም 32ም 4ኬ ጎን ለጎን በርተው አገኘናቸው። ያን ገጽ ሁለቱም ላይ ከፈትኩት። 32ቱ ጥሩ ነው፤ ሌላ ባላይ ኖሮ እሱን ይዤ እመጣ ነበር። 27ቱ ላይ ሳየው ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ፊደልና ስክሪኑ ላይ ያለው ፊደል አንድ ሆነብኝ። የ«ሜ» ቀለበት መሐሉ ነጭ ነው። እንዲህ ያለ ነጭ ቀዳዳ በስክሪን ላይ አይቼ አላውቅም። ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ ሳልጠጋ ተለዩ። ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብ ከእውነተኛው አራት ነጥብ መለየቱም ታየኝ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይለያያል፣ እሱን ሳሳድድ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት።

64 ሺህ ብር ከደረሰኝና ከአንድ ዓመት ዋስትና ጋር ከፈልኩ። የታይፕ ሲ ገመዱን ለብቻ ገዛሁ። ዩፒኤሱ በጀቱን አለፈብኝ፤ የሚቀጥለው ክፍያ ሲመጣ ይሆናል፣ እስከዚያ መብራት ሲሄድ ማብሪያውን አጠፋለሁ።

ቤት ስደርስ ለማረጋገጥ ብዬ መጀመሪያ በኤችዲኤምአይ ሰካሁት። ልክ እንደተባለው ነው፣ 30። ቀስቱ እየዘለለ ይሄዳል። በታይፕ ሲው ሳደርገው 60 ሆነ። ዊንዶውስ ራሱ ሁሉን ነገር በ150 በመቶ ከፍ አድርጎ ነው ያመጣው፤ እንደዚያው ተውኩት፣ ካልሆነ ሜኑው የጉንዳን ራስ ያክላል። አንድ የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሜ ብቻ ደብዝዞ መጣ። የእህቴ ልጅ የፕሮግራሙ ምልክት ላይ በቀኝ ተጭኖ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለው ውስጥ ገብቶ የዲፒአይ ቅንብሩን ቀየረው፤ ጽሑፉ ጠራ፣ ሜኑው ግን ደቃቅ ሆነ። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ እዚያ ሞክሩ።

መነጽር_ቤት፣ ለካሁት። ከዓይኔ እስከ ስክሪኑ 58 ሴንቲ ነው። ሰኞ ለመነጽሩ እሄዳለሁ። የላይኛው ጫፉንም በእግሩ ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ አገጬን እንደማነሣ እስክትነግሩኝ ድረስ አላወቅኩትም ነበር።

ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ በኩል ትንሽ አዞርኩት፤ ፀሐዩ አሁን ስክሪኑ ላይ አያርፍም። ከዚያ ያንኑ ያረምኩትን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ከፈትኩ። ገና አልታተመም። ገጽ 87 ላይ «መሬት» የሚለው «መሪት» ሆኖ ተቀምጧል። ገጽ 140 ላይ ሌላ አለ። ለአዛውንቱ ደውዬ ነገርኳቸውና አንድ ሳምንት ጠየቅኳቸው፤ ሰጥተውኛል። አሁን ገጽ 163 ላይ ነኝ።